ስምንታችንንም ይዞን ነበር

ጋሽ ወልደኪዳን በዓይናቸው ያላዩትን ነገር አያምኑም ነበር። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተው የፈረቃ ኃላፊ እስከ መሆን ሲደርሱ፣ ማሽን ተበላሸ ሲባሉ «እስቲ ልየው» ብለው ራሳቸው ሳያጎነብሱ መካኒክ አስጠርተው አያውቁም። ጡረታ ወጥተው የእድር ዳኛ ሲሆኑም ያው ናቸው። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ከተጣሉ ክርክሩን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም፤ ከዘራቸውን ይዘው ሄደው አጥሩን ያያሉ። ሰው በዚህ ያከብራቸው ነበር። «ጋሽ ወልደኪዳን ካሉት አይተው ነው» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸው፣ ልጃቸው ሊያ እና የሊያ ልጅ ቤዛ ነበሩ። ሊያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ አንድ ሳምንት የጠዋት ፈረቃ ከሆነች በሚቀጥለው የከሰዓት ናት። ባሏ ደረጀ የመንገድ ሥራ ማሽን ኦፕሬተር ስለሆነ ለበዓል ካልሆነ ብቅ አይልም። ስለዚህ ቤዛን ጡጦ ያጠቧት፣ ዳዴ ስትል ከኋላ ከኋላ የተከተሏት፣ የመጀመሪያ ቃሏን የሰሙት አያቷ ናቸው። የጠዋቱ ብርድ ጋብ ሲል በጋቢያቸው ጠቅልለው ደጃፍ ይዘዋት ይቀመጣሉ። እሷ አላፊ አግዳሚውን በጣቷ እያመለከተች «ማነው?» ትላለች። አህያ ሲያልፍም «ማነው?» ነው። እሳቸውም ለአህያው ስም ያወጡለታል።

ሕፃኗ ገና በጥቂት ወሯ የተወጋችው አንድ ክትባት አተኩሷት ነበር። ሊያ ያን ቀን የከሰዓት ፈረቃ ላይ ነበረች፤ ጭኗ ያበጠ ሕፃን ታቅፈው እሹሩሩ ሲሉ የዋሉት ጋሽ ወልደኪዳን ናቸው። ያንን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባቷ ደርሶ ደመቀች፣ የቀጠናው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ በራቸውን ስታንኳኳ መልሱን አሰናድተው ነበር የጠበቋት።

«ጋሼ፣ ቤዛ ዘጠኝ ወር ሞልቷታል። ሐሙስ ጤና ጣቢያ ብታመጧት» አለች ደመቀች።

«ለምኑ?»

«ለኩፍኝ ነው።»

«ለኩፍኝ!» ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ የአንኮበር ሰው ነኝ። አባቴ መምሬ ኪዳነ ማርያም ቤት ስምንት ልጆች ነበርን። ስምንታችንንም ይዞን ነበር። እናቴ ጨለማ ክፍል አስተኝታ፣ አጥሚት አጠጥታ አስነሣችን። አንድም የሞተብን የለም። ይኸው እኔ ስልሳ አልፎኛል፣ ጥርሴ እንኳ አልወለቀም።»

«እግዚአብሔር ጠብቋችሁ ነዋ! ኩፍኝ እኮ ይገድላል ጋሼ። ዓይን ያጠፋል።»

«የማንን ዓይን? እኔ ያየሁትን ከጠየቅሽኝ ስምንት ከስምንት ድኗል። አንቺስ ስንቱን አየሽ?»

ደመቀች ገና ወጣት ናት። ኩፍኝ የገደለው ልጅ በዓይኗ አላየችም፤ ሥልጠና ላይ የነገሯትን ነው የምታውቀው። ከሺህ ልጆች ይህን ያህሉ ብላ ስትጀምር «ሺውን ማን ቆጠረው?» ብለው አቋረጧት። ሌላም ቤት ይጠብቃት ስለነበር ተሰናብታ ሄደች፤ መንገድ ላይ ሆና ግን ለሊያ ደወለችላት።

ሊያ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገሩን አነሣችው።

«አባዬ፣ ቤዛን ለምን አትወስድልኝም? እኔ ሐሙስ ፈረቃ አለኝ።»

«ያን ጊዜ የሆነችውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ግን ሰው ሁሉ ያስከትባል።»

«ሰው ሁሉ ያስከትብ። አንቺ አላየሻትም፤ ታቅፌ የዋልኩት እኔ ነኝ። ኩፍኝን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስምንታችንንም ይዞን፣ ስምንታችንም ተርፈናል።»

ሊያ አባቷን አምና ያፈረችበት ጊዜ ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ቤዛ ሁለት ዓመት አልፏት፣ አፏን ፈትታ ወሬ ስትጀምር፣ ከጥምቀት በኋላ ኩፍኝ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የአንዲት ተከራይ ልጅ ታመመ፤ ከዚያ እዚህም እዚያም ተሰማ። እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ደመቀች መጥታ የምትናገረው እንዳላት ገለጸች። ጋሽ ወልደኪዳን ፈቀዱላት። ያልተከተቡ ልጆች ያሏችሁ ቶሎ አምጡ፣ የታመመ ልጅ ቤት ውስጥ አትደብቁ አለች። ገና ሳትጨርስ ገብረአማኑኤል ተነሣ። ገብረአማኑኤል የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ የጋሽ ወልደኪዳን የቅርብ ወዳጅ።

«የእኔ የልጅ ልጅ ተከትቦ ነው የታመመው! እንግዲህ ክትባቱ ምን ሠራ?»

ሰው ጉምጉም አለ። ጋሽ ወልደኪዳን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። እንደ ልማዳቸው ነገሩን ከሥሩ ሊያዩ ፈለጉ።

«እስቲ ልጄ፣ እስከ ዛሬ በቀጠናሽ ስንት ልጅ ታመመ?»

«ዘጠኝ።»

«ከዘጠኙ የተከተቡት ስንት ናቸው?»

ደመቀች አመነታች። መዋሸት ግን አልሆነላትም። «አምስት» አለች።

«ያልተከተቡት አራት ማለት ነው። እንግዲያው በብዛት የታመመው የተከተበው ነው።»

«ጋሼ፣ እንዲያ አይታይም። እዚህ ቀጠና የተከተቡት ልጆች ከመቶ በላይ ናቸው። ከነዚያ ሁሉ መሀል ነው አምስት የታመሙት፤ እነሱንም ቀለል አድርጎ ነው የያዛቸው። ያልተከተቡት ግን በጠቅላላው ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ አራቱ ወደቁ።»

«እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። አምስት ከአራት ይበልጣል አይበልጥም?»

«ይበልጣል፤ ግን…»

«በቃ፣ ራስሽ ተናገርሽው።»

ሰው ሳቀ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ደመቀች ፊቷ ቀልቶ ቦርሳዋን አነሣች፤ በጋሽ ወልደኪዳን አጠገብ ስታልፍም ዝቅ ብላ «ከስድስቱ እስካሁን ያልታመሙት ሁለት ናቸው። አንዷ ቤዛ ናት። ዛሬም አልረፈደም ጋሼ» አለቻቸው። ከሳቁ የተነሣ ሌላ ሰው አልሰማትም። እሳቸው ሰምተዋታል፤ ያስፈራራቻቸው መሰላቸውና አኮረፉ።

ብዙም ሳይቆይ ቤዛ አተኮሳት። ሳል ጀመራት፣ ዓይኗ ቀላ፣ ከዚያ ሽፍታው ከጆሮዋ ሥር ተነሥቶ ፊቷን፣ ደረቷን፣ እግሯን አለበሳት። ጋሽ ወልደኪዳን አልተሸበሩም። እናታቸው ያደረጉትን ያውቃሉ። የጓዳውን መስኮት ድሮ ከፋብሪካ በተሸለሙት ወፍራም ብርድ ልብስ ጋረዱት፤ በሩ ሥር ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፉት። ልጅቷን እዚያ አስተኝተው አጥሚት በማንኪያ ማጠጣት ያዙ።

«አባዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች ሊያ፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም። ነፋስ ከመታት ነው የሚብስባት። ይወጣል፣ ይጠፋል። እኔ አውቀዋለሁ አልኩሽ።»

«ዓይኗን አልገልጥም አለች እኮ።»

«ብርሃን ትፈራለች። ደንቡ ነው።»

ሊያ ከሥራ ብትቀር ከሥራዋ እንደምትባረር ተነግሯታል። የልጇን ግንባር ስማ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ሦስቴ ደወለች፤ ሦስቴም «ተኝታለች» አሏት።

ትኩሳቱ ለቀቀ። ሽፍታው ጠቆረ፣ ተፈረፈረ። ቤዛ አጥሚቱ አንገፍግፏት ዳቦ ጠየቀች። ጋሽ ወልደኪዳን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ለሊያ ደውለው «አላልኩሽም?» አሏት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረዱት። የረፋዱ ፀሐይ ገብቶ አልጋውን ሞላው። ቤዛ ሙቀቱ ሲሰማት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ዓይኗን ገለጠች።

የቀኝ ዓይኗ ጥቁሩ ላይ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የግራው ዳር ዳሩ እንደ ጉም ገርጥቷል።

«አባባ፣ መብራት» አለች።

ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር።

ጋሽ ወልደኪዳን እጃቸውን በፊቷ ላይ ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። አልተርገበገበችም። «አባባ፣ መብራት አብራ» አለች ደግማ፤ ተቆጣች። እንዴት ጫማ እንዳደረጉ፣ እንዴት አቅፈዋት ወደ አስፋልቱ እንደሮጡ አያስታውሱም። ባጃጅ ነጂው «ጋቢዎ መሬት ለመሬት ይጎተታል አባት» ሲላቸው ነው ልብ የገዙት።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ትሁት ሴት ነበረች። ምንም አልወቀሰቻቸውም። ዓይኗን የጀመራት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልደኪዳን አላወቁም፤ ክፍሉ ጨለማ ነበር። ሕመሙ እንደጀመራት መጥታ ቢሆን ኖሮ የሚሰጣት ቫይታሚን እንደነበረ፣ ምናልባት ዓይኗን ያተርፈው እንደነበረ ነገረቻቸውና ቶሎ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። ወደ አዲስ አበባ ጻፈችላቸው። ሊያ ከአባቷ ጋር ሄደች፤ አዲስ አበባም የተባለው ያው ነው። ቀኙ አልቋል። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለይ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ተስፋ መስጠት አይቻልም። ሲመለሱ ሊያ ልጇን ታቅፋ መስኮት በኩል ተቀመጠች። ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ አባቷን አላየቻቸውም።

ኩፍኙ ከሰፈሩ ጠፋ። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ ገብረአማኑኤል ተነሥቶ ምስጋና አቀረበ።

«ያ ሁሉ ማስፈራሪያ አለፈ። በሰፈራችን አንድም ልጅ አልሞተም። የጋሽ ወልደኪዳን የልጅ ልጅ እንኳ ሳትከተብ ይዟት ተነሥታለች። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።»

ሰው «ይመስገን» አለ። ዓይኗን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያውቃል። ግን ተርፋለች፤ የተረፈ ደግሞ ተርፏል። ጋሽ ወልደኪዳን ስብሰባው ሳያልቅ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ ሊያ ቤዛን አንኮበር ወስዳ ጠበል ልታስጠምቃት ፈለገች። አባቷም አብረዋት ሄዱ። ማረፊያቸው የጋሽ ወልደኪዳን ታላቅ እህት የእትዬ ዘነበች ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ከሰባ ያለፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጅቷ ታማ እንደነበር በስልክ ሰምተዋል፤ የዓይኗን ነገር ግን የነገራቸው አልነበረም። ጉሙ ገደሉን ሸፍኖት፣ ቤቱም ውስጥ ገብቶ ነበር። ሊያ ዕቃ አስቀምጣ ጀሪካን ይዛ ወደ ጠበሉ ስትወርድ፣ አሮጊቷ ቤዛን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገጯን ወደ በሩ ብርሃን ቀና አደረጉት።

ጎንበስ ብለው ዓይኗን አስተዋሉት።

«ወለተሐና!» አሉ።

«ቤዛ ናት እኮ እትዬ» አሉ ጋሽ ወልደኪዳን።

«አውቃለሁ ወልዴ። ዓይኗ ነው። ልክ የወለተሐና ዓይን።»

«ወለተሐና ማናት?»

እትዬ ዘነበች የልጅቷን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ረጅም ጊዜ ደባበሱት። ከዚያ ወንድማቸውን ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«እናታችን እንዳልናገር ቃል አስገብታኝ ነበር። አሁን እሷም የለች፣ እኔም አንድ እግሬ መቃብር ነው። ስምንት አልነበርንም ወልዴ። አሥራ አንድ ነበርን።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንተ ጡት ላይ ነበርክ። ኩፍኙ መጀመሪያ ወንድማችንን ቃለ አብን ያዘው። ከዚያ ቤቱን ሙሉ አዳረሰው፣ እኔንም አንተንም። ቃለ አብ ሳምንት አልሞላውም። ማኅደረማርያም ከሱ ጋር አንድ መደብ ላይ ነበረ የተኛው፤ ተከተለው። ወለተሐና ግን ዳነች ተብሎ እልል ተባለ። ዓይኗ እንዲህ ሆኖ ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ ዛሬም ይታየኛል። ክረምቱን አልወጣችውም፤ ተቅማጥ ወሰዳት።»

ጋሽ ወልደኪዳን መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልነገራችሁኝም?»

«እናታችን ስማቸው ከተጠራ የቀራችሁትን የሚወስድባት ይመስላት ነበር። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ስምንት ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም፣ ያላት ስምንት ነው። ለሕፃን ደግሞ ማን ተዝካር ያወጣል? ያን ዓመት የኛ ቤት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር የቀረለት ቤት አልነበረም። የሞቱት መጥተው ሞትን አይሉ። ወሬውን የምናወራው የተረፍነው ነን።»

በሩ ላይ ውኃ ተንቦጫቦጨ። ሊያ ጀሪካኑን ታቅፋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላወቁም፤ የሰማችው ግን ፊቷ ላይ ይታያል።

«ስምንት ከስምንት ነበር ያልከኝ» አለች።

«አላወቅሁም ነበር ልጄ።»

«አላወቅሁም አላልክም። አውቀዋለሁ ነው ያልከው።»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። ቤዛን ከአክስቷ ጉልበት ላይ ወስዳ ወጣች።

በማግስቱ ጋሽ ወልደኪዳን የሦስቱን መቃብር እንዲያሳዩአቸው እህታቸውን ለመኑ። ቅጥረ ግቢው ውስጥ ጽዶቹ መሀል ገቡ። እትዬ ዘነበች አንድ ቦታ ቆሙ፤ «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ «ኧረ እዚያ ነው» አሉ። ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ፤ ሣር ብቻ ነው። አሮጊቷ ደክሟቸው ጽድ ሥር ቁጭ አሉ። ወንድማቸው ግን የት ላይ ማልቀስ እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ጉሙ እስኪያርሳቸው ቆሙ።

ጠባሴ ሲመለሱ ሊያ ሌላ ቤት ልትከራይ አስባ ነበር። ልጇን የሚይዝላት ሰው ግን የላትም፤ ዓይነ ስውር ሕፃን የሚረከብ ሞግዚት አላገኘችም። ስለዚህ እዚያው ቀረች። ማለዳ ስትወጣ ቤዛን ለአባቷ ታስረክባለች፤ ስትገባ ትረከባለች። የምታናግራቸው ስለ ልጅቷ ምግብና ስለ ልብሷ ብቻ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል የክትባት ዘመቻ ታወጀ። ጋሽ ወልደኪዳን በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆመው የአንኮበሩን ነገር ተናገሩ። ሦስቱንም በስማቸው ጠሯቸው። አምስትና አራት ብለው በደመቀች ላይ ሰው ያሳቁበት ቀን ስሕተት እንደነበር፣ የታመሙትን ሲቆጥሩ ሳይታመሙ የቀሩትን እነዚያን ሁሉ የተከተቡ ልጆች እንዳልቆጠሩ ሊያስረዱ ሞከሩ። ነገሩ በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ግልጽ ነበር፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ተወሳሰበ። ሰው በአክብሮት አዳመጣቸው። ሲጨርሱ ገብረአማኑኤል ትከሻቸውን ያዝ አደረጋቸው።

«ወልዴ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ያ የድሮ ነው፤ ያኔ ረሃብ ነበር፣ ሐኪም አልነበረም። ዘንድሮ ማን ሞተ?»

«ቤዛስ?»

«ቤዛ መች ሞተች?»

«ዓይኗ…»

«እሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን የአሥሩም በጠፋ ነበር። ራስህ አይደለህ ያስተማርከን? ከአሥር አንድ ምንድን ነው?»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ወልደኪዳን ዙሪያውን አዩ፤ የሚያዩዋቸው ሁሉ እንደ ሐዘንተኛ ነው የሚያዩዋቸው። ቁጭ አሉ። ዘመቻው ሲጀመር ደመቀች በየቤቱ ስትዞር ከኋላዋ ሆነው አዩዋት። አንዳንዱ በር ተከፈተላት፣ አንዳንዱ አልተከፈተላትም። ከተከፈቱት ውስጥ እሳቸው በተናገሩት የተከፈተ ይኑር አይኑር የነገራቸው የለም። የእድሩን ዳኝነት በዚያው ወር ለቀቁ።

አሁን ቤዛ አራት ዓመቷ ነው። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች፤ ደጃፍ ስትወጣ ግን የአያቷን ጣት ሳትይዝ አትራመድም። የሰፈር ልጆች ሲሯሯጡ ድምፃቸው ወደ ሄደበት ፊቷን ታዞራለች። እሳቸው የሚያዩትን ሁሉ ይነግሯታል፤ ዝናብ ሊመጣ እንደሆነ፣ የጎረቤት በግ እንደወለደች፣ ማን በየት በኩል እንዳለፈ። አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትሰለችና ትተኛለች።

ባለፈው ሰሞን ሊያ ከሥራ ገብታ፣ ልጇን ከአባቷ እጅ ተቀብላ፣ ከወትሮው ትንሽ ቆየች።

«የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ አሉኝ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ይቀበሏታል» አለች።

ጋሽ ወልደኪዳን ከወንበራቸው ቀና አሉ። «እኔ አደርሳታለሁ። አውቶቡሱም እንዳያጋፋት፣ መንገዱን ቀስ አድርጌ…»

«አያስፈልግም» አለች ሊያ። «የዚያን ቀን ከሥራ እቀራለሁ። እኔ አደርሳታለሁ።»

ልጇን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።